ፊት ያልነበራት የሽቦ ሴት

ደብረ ታቦር፣ ታኅሣሥ 12 ቀን 1980 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለመምህር ሙላቴ፣

እንደምን ከርመሃል? እኔና የኑሩ እናት ሀዋ በጤናችን በኩል የሚነገር ነገር የለንም፤ አላህ ይመስገን። እናትህን እመት ፈንታነሽን ባለፈው ሳምንት ወንፊት ልሸጥ ገሳይ ሄጄ አግኝቻቸዋለሁ። «ልጄ አዲስ አበባ ከሳ ወይስ ወፈረ?» አሉኝ። ወፍሯል ብዬ ዋሽቻለሁና ፎቶ ስትልክላቸው ጉንጭህን ነፋ አድርገህ ተነሣ።

በሁለቱም ደብዳቤህ «ኑሩ በእጁ አንድ መስመር የማይጽፍልኝ ተቀይሞኝ ነው ወይ?» ብለሃል። ልጃችን አልተቀየመህም። ሁለት ወር ሙሉ የደበቅሁህ እኔ ነኝ፤ ይቅር በለኝ። ብጽፈው እውነት ይሆናል ብዬ ፈርቼ ነው። ጥቅምት 20 ቀን አንበሳሜ ገበያ የአይጥ ወጥመድ ሊሸጥ እንደሄደ ከሌሎች ጋር ታፍሶ ለብሔራዊ ውትድርና ተወሰደ። በፖስታ ቢሆን ይህን አልጽፍልህም ነበር፤ የጭነት መኪና ነጂው አያሌው በእጁ ስለሚያደርስልህ ነው።

የግራ ዐይኑን ነገር ታውቀዋለህ። እኛ ቤት ተከራይተህ በኖርክባቸው አራት ዓመታት፣ የአልጋ ሽቦ ስወጥር ከፒንሳዬ አምልጦ ዐይኑን የወጋው ጊዜ ልጁን ታቅፈህ ሐኪም ቤት የሮጥከው አንተ ነህ። እኔ እግሬ ተሳስሮ በር ላይ ቀርቼ ነበር። ይህንኑ ለቀበሌ ባመለክት ጸሐፊው «ሲያነጣጥር መቼም አንዱን መጨፈኑ አይቀር» ብሎ ሳቀብኝ። ከዚያ ወዲህ ሰው ሲስቅ ማየት ጠልቻለሁ።

አንተ ባለህበት የሚያውቅህ ባለሥልጣን ካለ፣ ሐኪም ዐይኑን አይቶ ይመልሰው የሚል አንድ ወረቀት አጽፍልኝ። ሌላ አልጠይቅህም። አንድ ዐይን ያለው በአፈር አይጫወትም ይባላል፤ የእኔ አንድ ዐይን እሱ ነው።

ስለ ሽቦ ሰዎቼም ጠይቀሃል። በቅርቡ የሠራሁት አንዲት ሴት ብቻ ናት፤ ቁመቷ እስከ ደረቴ ይደርሳል። እንደ ሌሎቹ እሷም ፊት የላትም። ምክንያቱን ታውቃለህ፤ እኛ ዘንድ ነፍስ ላለው ነገር ፊት ማበጀት ሐራም ነው። ያለ ፊት እስከሆነ ድረስ ግን ሸህ ጀማልም አይተው እንዳላዩ ያልፉኛል።

ወንድምህ የሱፍ

⁂

አዲስ አበባ፣ ጥር 5 ቀን 1980 ዓ.ም.

ለጋሽ የሱፍ፣

ሰላምታዬ ለእርስዎና ለእትዬ ሀዋ ባላችሁበት ይድረሳችሁ። ደብዳቤዎን አያሌው ከሰጠኝ ሦስት ሳምንት ሊሞላው ነው። ቶሎ ያልመለስኩት ባዶ ወረቀት መላክ አፍሬ ነው። ኑሩ መወሰዱን ካነበብኩ ጀምሮ ሥራዬ ላይ ተቀምጬ የማነበው ሁሉ አይገባኝም።

«ያንተ መሥሪያ ቤት ምን ይሠራል?» ብለው ነበር። እኔም አንዳንድ ቀን አላውቀውም። አሁን ግን ለግንቦት ስለ ጥቁር ሕዝቦች ነጻነት፣ በተለይም በደቡብ አፍሪካ ስላለው ግፍ፣ ኤግዚቢሽን እያዘጋጀን ነው። ሠዓሊዎቹ ያመጡት ሁሉ ጡጫ ነው፤ ቀይ ጡጫ፣ ጥቁር ጡጫ፣ ሰንሰለት የያዘ ጡጫ። የመምሪያው ኃላፊ ጓድ በላይነህ «ከዚህ ሁሉ ጡጫ መካከል አንድ ሰው ይጥፋ?» ብለው ተቆጡ። ያን ጊዜ ስለ እርስዎ የሽቦ ሴት ነገርኳቸው።

የጓድ በላይነህ ባለቤት ወንድም በጦር ሠራዊቱ የሰው ኃይል መምሪያ ውስጥ ነው። ስለ ኑሩ ዐይን ነግሬያቸው «ሥራውን እንየውና እንነጋገራለን» አሉኝ። እንነጋገራለን ማለት እሺ ማለት አይደለም፤ እምቢ ማለትም ግን አይደለም። ጋሽ የሱፍ፣ ሴትዮዋን ይላኩልኝ።

ለእናቴ ወፍሯል ስላሉልኝ አመሰግናለሁ።

ልጅዎ ሙላቴ

⁂

ደብረ ታቦር፣ የካቲት 28 ቀን 1980 ዓ.ም.

ለሙላቴ፣

ሴትዮዋ በሰላም መድረሷን የጻፍክልኝ ብጣሽ ወረቀት ደረሰኝ። አያሌው ከምስር ጆንያ ላይ አስተኝቶ ስለወሰዳት ጎኗ ይጨፈለቃል ብዬ ሰግቼ ነበር።

ጓድ በላይነህ ጥቁር ሽቦ የመረጥኩት ጥቁር ሕዝብን አስቤ እንደሆነ ይጠይቃሉ። ነጩ ሽቦ ግትር ነው፤ ጥቁሩ በእሳት ለስልሶ የመጣ ስለሆነ ያጠፍከው ላይ ይቀራል። ነገሩ ይኸው ነው። እንዲያ ከተባለ ግን ሀዋም ጥቁር ናት፣ እኔም ጥቁር ነኝ፤ ነጻነት የሚሉትንም እኛም ብናገኘው አንጠላም በልልኝ። ተው አትበል፣ ቀልዴን ነው።

«ስንት ቁራጭ ነው የገጣጠምከው?» ላልከኝ፣ አንድም ቁራጭ የለባትም። የሽቦ ሰው ስሠራ ሽቦ አልቆርጥም። ከእግር እጀምራለሁ፤ መቆም ያልቻለ ነገር እጅ ቢኖረው ምን ይረባዋል። በጉልበት፣ በወገብ፣ በክንድ አድርጌ ተመልሼ አንገት ላይ ስደርስ ጫፉን ቀለበት አድርጌ እዘጋዋለሁ። መጨረሻዋ እዚያ ነው።

ስለ ጣቶቿ የጠየቅኸውን ግን ለመጻፍ ሦስት ጊዜ ብዕር አንሥቼ አስቀምጫለሁ። ልጆቹን ከአንበሳሜ አምጥተው ሁለት ቀን ደብረ ታቦር ካሳደሩ በኋላ መኪና ላይ ሲጭኗቸው፣ ሀዋ የመኪናውን የኋላ መዝጊያ ጨበጠች። መኪናው ሊነሣ ሲል አንድ ወታደር መጥቶ ጣቶቿን አንድ በአንድ ፈለቀቃቸው። ክፉ ልጅ አልነበረም፤ «እናቴ ልቀቂ፣ እናቴ ይጎትትሻል» እያለ ነው። መኪናው ከሄደ በኋላም እጇ አልተዘጋም፤ እንደተፈለቀቀ በአየር ላይ ቀረ። የሠራሁት ያንን ነው። አንተ የት ነበርክ አትበለኝ፤ አጠገቧ ቆሜ ነበር።

ከኑሩ ደብዳቤ መጣ፣ ሦስት መስመር። ሥልጠና ጨርሶ ወደ ሰሜን እንደሚሄድ፣ ምግብ እንዳለ፣ በተኩስ ፈተና ከሻምበሉ አንደኛ እንደወጣ ጽፏል። ሀዋ ደስ አላት። እኔ ግን አንደኛ ከወጣ የዐይኑን ነገር ማን ያምነኛል ብዬ ደብዳቤውን ደበቅሁት፤ ይህን ለጓድ በላይነህ እንዳትነግርብኝ።

የሱፍ

⁂

አዲስ አበባ፣ መጋቢት 22 ቀን 1980 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሽ የሱፍ፣

እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ይህን ደብዳቤ ሳልጽፈው ብቀር ደስ ባለኝ።

ኮሚቴው ሴትዮዋን አይቶ ወደዳት። ስም አውጥተውላት «የደቡብ አፍሪካ እናት» ብለዋታል። እጆቿን አይተው «ሰንሰለት የበጠሱ እጆች ናቸው» አሉ፤ አንዱም በመዝገብ ጻፈው። እውነቱን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ዝም አልኩ። ብናገር ለኑሩም ለእርስዎም የሚበጅ አልመሰለኝም። ዝምታዬ ለእናንተ ይሁን ለራሴ ግን አሁንም አልለየሁትም።

ችግሩ ፊቷ ነው። ጓድ በላይነህ «ፊት የሌለው ሰው ትግል አያሳይም፤ ጎብኚው ምኗን ያያል?» አሉ። የእናንተን እምነት አስረዳኋቸው። «እምነት የግል ነው፣ ኤግዚቢሽን የሕዝብ ነው» አሉኝ። ወዲያው ከመሳቢያቸው ስለ ኑሩ ያመለከትኩበትን ወረቀት አወጡና አይተው መልሰው አስገቡት።

ሌላ ሠራተኛ ሽቦ አጣጥፎ ፊት ያድርግላት ብለው ነበር፤ ያለ እርስዎ ፈቃድ ማንም አይነካትም ብዬ አስጥያለሁ። ምን ያድርጉ አልልዎትም። ይሥሩ ብል ነፍስዎን፣ ይተዉ ብል ልጅዎን መንካቴ ነው።

በሰሜን ጦር ግንባር ሆነ ስለሚባለው ጠይቀውኛል። ከራዲዮ የተለየ የሰማሁት የለም። ይቅርታዎን እለምናለሁ።

ሙላቴ

⁂

ደብረ ታቦር፣ ሚያዝያ 20 ቀን 1980 ዓ.ም.

ለሙላቴ፣

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይባላል። ፊቱን ሠርቻለሁ፤ ከዚህ ደብዳቤ ጋር በሻይ ሳጥን ውስጥ በጥጥ ታሽጎ አለልህ።

«ከሸህ ጀማል ጋር ተመካከሩ ወይ?» ብለሃል። ሄጃለሁ። ሸሁ የቸገረው ሰው ምን ይፈቀድለታል ከሚለው ብዙ ነገሩኝና መጨረሻ ላይ «ወረቀቱ በእርግጥ ይጻፋል?» አሉኝ። አላውቅም አልኳቸው። እጄን ያዙኝ። ፈቀዱም ከለከሉም ለማለት አልችልም።

ሀዋ ግን ከለከለችኝ። «በረመዳን? አላህን የምንለምነውን ልጅ እሱን አስቆጥተህ ነው የምታመጣልኝ?» አለች። እውነቷን ነው። የሱቄን በር ዘግቼ ሦስት ቀን ሠራሁት። መጀመሪያ የሴት ፊት ነበር ያሰብኩት፤ ግንባሯን አሰፋሁ፣ አፏን ዘጋሁ። እጄ ግን ወንፊትና ወጥመድ እንጂ ፊት አያውቅም። ስንት ጊዜ አፍታትቼ ብጀምረው ሲያልቅ የሚወጣው ኑሩ ነው። አገጩ፣ ያ የተጣመመች ቅንድቡ። የግራውን ዐይን ክብ ልዘጋው ብል ሽቦው እምቢ አለኝ፤ ክፍት ተውኩት። ሽቦው አይደለም፣ እኔ ነኝ።

ሀዋ የጾም ማፍጠሪያ ምግብ ልታቀብለኝ ገብታ አየችው። ነጠላዋን አውልቃ አለበሰችውና እህቷ ከድጃ ቤት ሄደች። ስምንት ቀን ሆናት። ብቻዬን አፈጥራለሁ፤ ቴምሩም ውሃውም እንደ ጭድ ነው።

አንገቷ ላይ ባለው ቀለበት ብታስገባው ይይዛል። በፒንሳ አትጭመቀው፤ በእጅህ ብቻ አጥብቀው። ከኑሩ ከየካቲት ወዲህ ደብዳቤ የለም። ገበያ ላይ ብዙ ይወራል፤ እኔ መዶሻዬን እያንኳኳሁ አልሰማም።

የሱፍ

⁂

አዲስ አበባ፣ ግንቦት 21 ቀን 1980 ዓ.ም.

ለጋሽ የሱፍ፣

ወረቀቱ ተጻፈ። ከዚህ ጋር ታገኙታላችሁ፤ ማኅተሙም ፊርማውም የተሟላ ነው። ወታደር ኑሩ የሱፍ ባለበት ቦታ በሐኪሞች ቦርድ ተመርምሮ ውጤቱ እንዲገለጽ ይላል። ለክፍሉ ማድረስ ብቻ ነው የቀረው። እትዬ ሀዋ ወደ ቤቷ መመለሷን በመስማቴ ደስ ብሎኛል፤ በአንድ ማዕድ አለመቅረቧ ግን አሳዝኖኛል።

«ፊቱን ሰዎች ምን አሉት?» ብለዋል። አንድ ሰው ብቻ ልንገርዎ። ከደቡብ አፍሪካ ነጻ አውጪዎች አንድ ሽማግሌ እንግዳ መጥተው ነበር፤ ከአገራቸው ከተሰደዱ ሃያ አራት ዓመታቸው ነው አሉ። ጡጫዎቹን ሁሉ ቶሎ ቶሎ አልፈው ሴትዮዋ ዘንድ ሲደርሱ ቆሙ። ኮፍያቸውን አወለቁ። ለብቻቸው የሚያወሩ ያህል በእንግሊዝኛ «ይህ የሴት ፊት አይደለም፤ እናትየዋ የልጇን ፊት ነው የለበሰችው» አሉ። ቀጥለው እጆቿን አዩና «አንድ ነገር ነጥቀዋታል» አሉ።

አስተርጓሚው አልተረጎመውም። ጓድ በላይነህ «ምን አሉ?» ብለው ወደ እኔ ዞሩ። «በጣም ወደውታል» አልኳቸው። ሽማግሌው የሠራው ማነው ሲሉ ግን ስምዎን ጮክ ብዬ ተናግሬአለሁ፤ የሱፍ፣ ከደብረ ታቦር። ዓመቱን ሙሉ የማላፍርበት ሥራዬ ይህ ብቻ ነው።

መንገድ ላይ መኪና ይያዛል የሚለው ወሬም ስለበዛ፣ ጎንደር ሂድ ካሉዎት ብቻዎን አይሂዱ።

ሙላቴ

⁂

ደብረ ታቦር፣ ሰኔ 24 ቀን 1980 ዓ.ም.

ለሙላቴ፣

«ወረቀቱን ለማን ሰጡት?» ብለህ ጠይቀሃል። ለማንም አልሰጠሁትም፤ እዚሁ ደረት ኪሴ ውስጥ ነው።

እዚህ ያለው የምልመላ ጽሕፈት ቤት ጎንደር ሂድ አለኝ። ሄድኩ። ጎንደር ሁለት ቀን ካስቆሙኝ በኋላ አንድ የመቶ አለቃ ወረቀቱን በሁለት እጁ ይዞ አነበበው። «አባቴ፣ ወረቀቱ ትክክል ነው» አለኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ትክክል የሆነ ነገር ይዤ መገኘቴ ነው። ቀጥሎ ከኑሩ ደብዳቤ ላይ ያለውን ቁጥር አየና «ይህ ክፍል አሁን በዚህ ቁጥር አይጠራም» አለ። በምን ቁጥር ይጠራል ብዬ ብጠይቀው «አይጠራም» አለኝ ደግሞ። ልጄ አለ ወይ አልኩት። «የለም የሚል ወረቀት አልመጣልኝም» አለ። ውሃ የወሰደው አረፋ ይጨብጣል፤ ይህችኑ ቃል ጨብጬ ተመለስኩ።

አሁን አንድ ነገር ብቻ አድርግልኝ። ኤግዚቢሽኑ ካለቀ ፊቱን ከአንገቷ አውልቀህ መልስልኝ። ሴትዮዋን ይውሰዷት፤ የፈለጉትን እናት ይበሏት። ፊቱን ግን የሠራሁት ልጄን ላስመጣ ነበር፤ ልጄ ካልመጣ የሠራሁት ሐራም ብቻ ነው የሚቀረኝ። በእጄ አፍታትቼ ሽቦ ላደርገው እፈልጋለሁ። ያኔ ሀዋም ከእኔ ጋር ትበላ ይሆናል።

የሱፍ

⁂

አዲስ አበባ፣ ሐምሌ 18 ቀን 1980 ዓ.ም.

ለጋሽ የሱፍ፣

በዚህ ደብዳቤ ሰላምታ አላስረዝምም።

ፊቱን ልልክልዎት አልችልም። ሽማግሌው እንግዳ ሊሄዱ ሲሉ ጓድ በላይነህ ሴትዮዋን በአገሪቱ ሕዝብ ስም ስጦታ ብለው ሰጧቸው። በሣጥን ታሽጋ በአውሮፕላን ሄደች። ግንቦት ላይ ስጽፍልዎ ይህን አውቅ ነበር። ወደ የት እንደ ሄደች ስጠይቅ አንዱ ሉሳካ አለኝ፣ አንዱ ዳሬሰላም አለኝ፣ ጓድ በላይነህ ደግሞ «ወደ ትግሉ ሄደች፣ አንተ ምን አገባህ?» አሉኝ። በሁለቱም አድራሻ ጽፌአለሁ። እስካሁን መልስ የለም።

ሌላም አለ። መጋቢት ላይ ስለ ፊቱ ስጽፍልዎ፣ ስለ ሰሜኑ ከራዲዮ የተለየ አልሰማሁም ብዬ ነበር። ሰምቻለሁ። የጓድ በላይነህ አማች የኑሩ ክፍል እንደ ተበተነና ማን እንደ ተረፈ እንደማይታወቅ ነግሮኝ ነበር። ያንን እያወቅሁ ነው በረመዳን ያን ሥራ ያሠራሁዎት። ከተረፉት መካከል ቢሆንስ፣ ወረቀቱ ቢደርስለትስ ብዬ ነው። ደግሞም የማደርገው ሌላ ነገር አልነበረኝም፤ ምንም አላደረግሁም ከምል ያንን መረጥኩ።

ይቅር ይበሉኝ ማለት ይከብደኛል። ቤታችሁ ያደርኩበትን አራት ዓመት አስባለሁ።

ሙላቴ

⁂

ደብረ ታቦር፣ ነሐሴ 10 ቀን 1980 ዓ.ም.

ለልጄ ለሙላቴ፣

ጤና ይስጥልኝ። ይህን የምጽፈው እኔ ሀዋ ነኝ። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ደብዳቤ ስጽፍ ይህ የመጀመሪያዬ ስለሆነ የጎደለውን ሞልተህ አንብበው።

ለየሱፍ የጻፍከው ደረሰ። እሱ የለም፤ ወረቀቱን በላስቲክ ጠቅልሎ ለሦስተኛ ጊዜ ጎንደር ሄዷል። ጎረቤቴ ውዴ አንብባልኝ፣ ሁለተኛ ደግሞ እኔው በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩት። ተቆጥታብኝ ይሆን ብለህ አትፍራ። ተቆጥቼ ነበር፤ ቁጣው ራሱ ደከመኝ።

ሞቷል አላሉን፣ አለም አላሉን። አልቅሼ እንዳይወጣልኝ መርዶ አልመጣ፤ ሰው ሲመጣ ምን እንደምል አላውቅም። የሚያጽናናኝም ይመጣና ምን ብሎ እንደሚያጽናና ጠፍቶት ስለ ጤፍ አውርቶ ይሄዳል።

አንድ ነገር ልንገርህ፤ ለየሱፍ ነግሬው አላውቅም። ያንን ፊት ነጠላዬን አልብሼው ወጣሁ ብሎህ የለ? የጁምዓ ለት የሱፍ ለሶላት ሲወጣ ጠብቄ ተመለስኩ። ገለጥኩት። ኃጢአት መሆኑን አውቃለሁ። ግንባሩን ሳምኩት፤ ሽቦው ብርድ ብርድ ይላል። ከዚያ መልሼ ሸፍኜው ሄድኩ። ከየሱፍ ጋር በአንድ ገበታ ያልቀረብኩት በእሱ ተናድጄ ሳይሆን፣ ዐይን ለዐይን ከተያየን እንዳልነግረው ብዬ ነው። አሁን ሲመለስ አብሬው እበላለሁ።

አሁን የምጠይቅህ ይህን ነው። ሽማግሌው የወሰዱት አገር ክረምቱ እንዴት ነው? ፊቱን ያቆሙት ከቤት ውስጥ ነው ወይስ እንደ ሐውልት ከውጭ ነው? የሱፍ ጥቁር ሽቦ ዝናብ ከነካው አንድ ክረምት አይሞላም፣ ይዝጋል ይላል። አድራሻው ቢጠፋህም ሰው ወደዚያ ሲሄድ ካገኘህ መልእክቴን ላክልኝ። ከውጭ ከሆነ አስገቡት በላቸው። ይህን ያለችው ማናት ቢሉህ እናቱ ናት በል።

ሀዋ